የዳቦው መኪና

ሠላሳ ዓመት ሆነኝ መኪና ስሸጥ፤
ሞተሩን ሳይጠይቅ፣ ኮፈኑን ሳይገልጥ፣
የኋላ በር ብቻ በሜትር የሚለካ
ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ማርሊስ ኖራለች ለካ።

ዱሉዝ፣ ከሐይቁ ዳር፣ መጋቢት ሲያበቃ፣
የከረመው በረዶ በመሐል ሲነቃ፣
ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህር
ሜትሯን ቀበቶዋ ላይ ሻጥ አርጋ መጣች ከበር።

«ዘንድሮ በበጋ ከከተማ ከተማ
ሥዕሌን ይዤ ልዞር ነው፤ ጓዜን ልንገርህ፣ ስማ፦
ድንኳን፣ ሦስት በሦስት፣ ገመድና ችካሉ፣
ነፋስ እንዳይነጥቀው አራት ከረጢት አሸዋ፣ ሙሉ፣
ሥዕል የሚሰቀልበት የሽቦ መደዳ፣
አንድ ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ምድጃ፣
ሰባ ሁለት ሥዕል። ደግሞም ማታ ማታ
እግሬን የምዘረጋበት አንድ ሰው የሚያክል ቦታ።
ሆቴል ካደርኩማ» አለች እየሳቀች፣
«አትራፊው እኔ አይደለሁም፤ አልጋዋ ነች።»

ረዥሙን ነጭ ቫን ከፈትኩ። ቆማ ሄደችበት፣
ጣሪያውን በመዳፏ ዳሰሰች። ዋጋውን ነገርኳት።
በጣቶቿ ቆጠረች። «ለጎማዎቹ ብቻ
አርባ ሥዕል» አለች። ዘጋሁት፣ በዝምታ።

ተጎታች አሳየኋት፤ ርካሽ፣ ሰፊ፣ ደረቅ።
ወደ ኋላ ሲነዱት ነው ጉዱ የሚታወቅ፦
መሪውን ወደ ግራ ስትል፣ እሱ ወደ ቀኝ፤
«ይሄ ነገር» አለች «የቀድሞ ባሌን መሰለኝ»፤
ቃሏን ሳትጨርስ አጥሬን ገነደሰችው።
ዛሬም እንደወደቀ ነው።

ሚኒቫን ከፈትን፤ ወንበሮቹን ነቅለን
ድንኳን፣ ሽቦ፣ ሥዕል፣ ሁሉን ጠቅጥቀን
ጉድ አልን፣ ተገርመን። ማርሊስ በተራዋ
ከላዩ ተንጋለለች፤ ጣሪያ ነካ አፍንጫዋ።

ችግሩ አንድ ሥዕል ነበር። ሐይቁ ነው፤ በኅዳር፣
ማዕበል ድንጋይ ሲገምጥ፣ መርከብ የለ ዳር እስከ ዳር።
ቁመቱ ከሷ ይበልጣል፤ ሦስት ክረምት የፈጀ፤
በየበሩ ብትለካው በአራት ጣት ቀረ፣ አልበጀ።
«ቢቆረጥስ ትንሽ?» አልኳት።
አየችኝ።
ሜትሩ ጠቅ ብሎ ተጠቀለለ።

ከጋራዡ ጀርባ፣ ሣር የወረሰው፣
በዕዳ የተረከብኩት፣ ማንም ያልጠየቀው
አሮጌ የዳቦ መኪና ነበረኝ፤ የሊንድስትረም ዳቦ ቤት።
ጎኑ ላይ «ትኩስ ዳቦ» ይላል፣ ፀሐይ በበላው ፊደል።
ሆዱ ግራ ቀኝ የትሪ መደርደሪያ።
አንዱን ሥዕል ገፋ አደረገች፤ ሸርተት ብሎ ገባ።
ሌላውም። ሌላውም።
እኔ ሻጭ ነኝ፤ እውነት መናገር ልማዴ አይደለም፤
ግን አላስቻለኝም፦ «ከዘጠና በላይ አይሮጥም፤
ዳገት ላይ ያስለዋል» አልኳት።
«እኔንም ያስለኛል፤ እንግባባለን» አለች።

ሐይቁ ግን እዚህም በአራት ጣት ቀረ።
ቀና ብላ ቢሮዬን አየች። «ግድግዳህ ባዶ ነው፤
እስክመለስ ያዘው፣ ስለ አጥርህ ካሳ።»
መስኮት ነቅለን አስገባነው፤ የጎማው ካላንደር ተነሣ።

ሐምሌ ላይ ደወለች፣ ከፋርጎ።
ጠዋት ጠዋት ሰው ይሰለፋል አለች፣ ዳቦ ፈልጎ፤
አንድ ሽማግሌ የአጃ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ
ድልድይ ይዞ ተመለሰ፣ በጋዜጣ አስጠቅልሎ።
አንዱን ቅዳሜ ዝናብ በላባት። ራዲያተሩ ያፈሳል።
እንቅልፏ ደህና ነው፤ እግሯ ግን በሩን ይነካል።

ትናንት አንድ ደንበኛ፣ ለፒካፕ የመጣ፣
ሐይቁ ፊት ቆሞ ቀረ፤ ስለ ሞተር ሳያነሣ።
«ስንት ነው?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያልነካሁት
ቃል ከአፌ ወጣ፦ «አይሸጥም» አልኩት።
ከሄደ በኋላ መሳቢያ ከፈትኩ፣ ሜትር አወጣሁ፣
የቢሮዬን በር ለካሁ።
አራት ጣት ይጎድለዋል።
እሰይ።